የአያ መንበሩ ወፎች

ባለቤቴ ወፍ ስታይ «ስታምር!» ትላለች። እኔ ወፍ ሳይ «የማን ናት?» እላለሁ። ይህን ያህል ዓመት አብረን ስንኖር በዚህ ነገር ተስማምተን አናውቅም።

ባለፈው ጥቅምት፣ ጎንደር ቁስቋም፣ ቤታችን በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ፀሐይ ስንሞቅ አንዲት ንብ በል የምትባል ወፍ መጥታ የመብራት ሽቦው ላይ አረፈች። ጀርባዋ እንደ ቅጠል አረንጓዴ፣ ጉሮሮዋ ቢጫ፣ ደረቷ ላይ ሰማያዊ መቀነት፤ ዓይኗ ላይ ደግሞ እንደ ሽፍታ ጥቁር ጨርቅ ያሰረች ትመስላለች። ከጎረቤት የዱባ አበባ የተነሣ አንድ ንብ አየር ላይ ቀለበችና ወደ ሽቦዋ ተመለሰች። ከዚያ ከሽቦው ጋር ታላጋው ጀመር። ቋ! ቋ! ቋ!

«ምን እያደረገች ነው?» አለች ባለቤቴ።

ተነሥቼ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ጎረቤት ግቢ አጮለቅሁ።

«ምን ታያለህ?»

«ባለቤቷን።»

ባለቤቴ የምትልጠውን ሽንኩርት አስቀምጣ ቆማ አየችኝ። ሰው እብድን የሚያየው በዚያ ዓይን ነው። እብደት ግን አይደለም፤ ሕግ ነው። ሕጉን የተማርኩት ኮሶዬ፣ አጎቴ ቤት፣ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው።

ያን ዓመት አባቴን ወደ ዛሪማ አዛወሩት። ዛሪማ ቆላ ነው። እናቴ የዛሪማ ወባ ሰውን ከነጫማው ትበላለች ብለው ነግረዋት ስለነበር እኔን መንገድ ላይ ኮሶዬ፣ ወንድሟ አያ ፈንታሁን ቤት አራግፋኝ አለፈች። ማኪናው ሞተሩን እንኳ አላጠፋም። አንድ ቦርሳ ልብስ፣ አንድ ጥንድ ጫማና እኔ ከአቧራው መሐል ቀረን።

ኮሶዬን የማያውቅ ሰው ብርድ አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ጠዋት ጠዋት ሰው ሲናገር ቃሉ ከአፉ በእንፋሎት ተጠቅልሎ ይወጣል፤ ትንሽ ቢታገሡ ረግቶ መሬት የሚወድቅ ይመስላል። አጎቴ እንፋሎቱን እያየ ነበር የሚሰማው። «የሚዋሽ ሰው እንፋሎቱ ቀጭን ነው» ይል ነበር። እኔም እውነቴን እየተናገርኩ እንኳ እንፋሎቴ እንዲወፍር ከሆዴ እተነፍስ ነበር።

አጎቴ ሸጋ ሰው ነበር። አብልቶ አይጠግብም፣ አጠጥቶ አይረካም። ብቻ ይጠረጥራል። ዶሮ ያለ ሰዓቱ ከጮኸ «ማን ቀሰቀሰው?» ይላል። መንገደኛ «ደህና አደርክ?» ካለው መጀመሪያ «ምን ፈልጎ ነው?» ብሎ ያስባል፤ አስቦ «እግዜር ይመስገን» ሲል ሰውዬው ደባርቅ ሊገባ ምንም አይቀረው። እኩለ ቀን ላይ ጥላው እግሩ ስር ሲገባ ዘወር ዘወር ብሎ የሚፈልገው ሰው እሱ ብቻ ነው።

በዚህ ዓለም የሚያምነው ንቦቹን ነበር። ከቤቱ ክፈፍ ስር፣ ጠዋት ፀሐይ ቀድማ በምትነካው በኩል፣ በእበት የተመረጉ ቀፎዎቹ እንደ ሽማግሎች ተደርድረው ተጋድመዋል። ከእንቅልፉ ሲነሣ ፊቱን ሳይታጠብ ሄዶ ጆሮውን በያንዳንዱ ቀፎ ላይ ይለጥፋል። እኔንም አስለምዶኝ ነበር። ጆሮዬን ሳስጠጋ ሰሙ፣ የከረመ አበባውና እበቱ ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ይሞላዋል። ከውስጥ ደግሞ አንድ ሙሉ ደብር ካህናት አፋቸውን ገጥመው የሚያዜሙ ይመስል «እምምምም» የሚል ድምፅ ይመጣል።

«ምን ይላል?» ይለኛል።

«እምምም ይላል።»

«ያ ሸጋ ነው። ጉባኤው ሙሉ ነው።»

ጉባኤው ሙሉ መሆን ነበረበት። የአጎቴ ልጅ ይታይሽ ለጎረቤታችን ለአያ መንበሩ ልጅ ለአዲሱ ታጭታ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። የሠርጉ ጠጅ የሚጣለው ከእነዚህ ቀፎዎች ማር ነው። አጎቴ «በልጁ ሠርግ ጠጅ ያለቀበት» ከሚባል ቆሞ ቢቀበር ይመርጣል።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ግን አንድ ጠዋት ጆሮውን ከቀፎው ሳያነሣ ቆየ። ግንባሩ ተኮሳተረ።

«ሳስቷል» አለ።

«ምኑ?» አለች ሚስቱ እትዬ አዝመራ ከጓዳ።

«ጉባኤው። ሰው እየጎደለ ነው።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ሰላም አልነበረም። አጎቴ መጀመሪያ አይጥ ጠረጠረ። ቀጥሎ እንሽላሊት። ቀጥሎ እትዬ አዝመራን፤ «ጭስ አብዝታ ነው» አለ። በመጨረሻ እኔን ጠርቶ ጣቶቼን አንድ በአንድ አሸተተ። የሸተተው ባቄላ ነበር። እሱን ደግሞ «ባቄላው የማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ባቄላው የአያ መንበሩ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ በአያ መንበሩ ባቄላ ዳር ያልፋል፤ ያን ጊዜ ማሳው አበባ ብቻ ሆኖ፣ ሽታው ከሩቅ እየጠራ ልጅን ከትምህርት ያስቀራል። በማሳው ጠርዝ ጎርፍ የሰነጠቀው ቀይ ገደል አለ። ትልቅ ገደል አይደለም፤ ቁመቱ ረዘም ያለ ሰው ቢሆን ነው። ግድግዳው ግን የልጅ ቡጢ በሚያስገቡ ቀዳዳዎች ተበሳስቷል። ከገደሉ አፍ ላይ አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ተገትሯል። ንብ በል ወፎች እዚያ ላይ፣ ብርድ የመታቸው ይመስል ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው አንዷ ድንገት ተወንጭፋ ባቄላው ላይ ትዞርና አንድ ንብ በመንቁሯ ጫፍ ይዛ ትመለሳለች። ራሱን ከቅርንጫፉ ጋር ታጋጨዋለች። ቀጥላ ጅራቱን እንጨቱ ላይ ትፈትገዋለች። ስትፈትገው ዓይኖቿን ግጥም አድርጋ ትጨፍናለች።

ይህን ሳይ ልቤ ተነካ። ሌባ ሆና እያፈረች መሰለኝ። ሮጬ ለአጎቴ ነገርኩት።

«አጎቴ፣ አንዲት ወፍ ንብ ስትበላ ዓይኗን ትጨፍናለች። አፍራ ነው አይደል?»

አጎቴ የሚስለውን ማጭድ አቆመ። «ደግመህ በል።»

ደግሜ አልኩ፤ እንፋሎቴን አወፍሬ።

«ሌባ አያፍርም ልጄ» አለ ቀስ ብሎ። «ዓይኗን የምትጨፍነው ማዕድ ባርካ ነው። ቆይ፣ ለወፍ ማዕድ መባረክን ማን አስተማራት?»

ሁለታችንም ወደ አያ መንበሩ ቤት ተመለከትን። አያ መንበሩ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር። ዳዊት ሳይጨርስ ቢመለስም ለአጎቴ ያ ይበቃዋል።

ነገሩ ሌላ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ወፏ ንቡን የምትፈትገው መርዙንና መንደፊያውን ጨምቃ ለማውጣት ነው፤ ዓይኗን የምትጨፍነውም መርዙ እንዳይረጭባት። ያኔ ይህን የሚነግረን አልነበረም። ቢነግረንም አጎቴ «አንተስ በምን አወቅህ?» ብሎ ይጠረጥረው ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ የባሰ አየሁ። አንዲት ወፍ ንቡን ፈትጋ ስታበቃ አልዋጠችውም። እንደያዘች ወደ ገደሉ በረረችና ቀዳዳው ውስጥ ገባች። ባዶ አፏን ወጣች። እንደገና ይዛ ገባች፤ እንደገና ባዶዋን ወጣች። በአራት እግሬ ድኼ ተጠጋሁና፣ አጎቴ እንዳስተማረኝ ጆሮዬን ቀዳዳው ላይ ለጠፍኩ። አፈሩ ቀዝቃዛ ነው፤ መጥፎ ሽታም አለው። ከውስጥ ግን «እርርርር፣ እርርርር» የሚል የብዙ ሰው ጉምጉምታ ይመጣል።

ከዚያ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ገደሉ ቀፎ ነው! አያ መንበሩ ከመሬት ስር ቀፎ ሠርቶ፣ ወፎቹ የአጎቴን ንቦች ከነሕይወታቸው እያጓጓዙ ያስገቡለታል! መንደፊያውን የሚነቅሉትም ለዚህ ነው፤ መሣሪያ ማስፈታት ነው!

ይህን ስነግረው አጎቴ ጮኾ ሊስመኝ ምንም አልቀረው። «አላልኳችሁም? አላልኩም አዝመራ? ይሄ ሰው እኮ ሲስቅ ጥርሱ ይበዛል ብያለሁ!»

ነጠላውን አጣፍቶ በቀጥታ ወደ አያ መንበሩ አጥር ሄደ። እኔም ተከተልኩ። አያ መንበሩ አጠር ያለ፣ ነገር ሁሉ የሚያስቀው ሰው ነው፤ አጎቴን የሚያናድደውም ይኸው ነበር።

«መንበሩ! ወፎችህን ሰብስብ!»

«ምኖቼን?»

«ወፎችህን! ንቤን እየነጠቁ ገደልህ ውስጥ ያስገባሉ።»

አያ መንበሩ እኔን አየ፤ አጎቴን አየ፤ ከዚያ ሳቀ። «አያ ፈንታሁን፣ ደህና ነህ? ጠላው በርትቶብህ ነው?»

«ይሳቃል! ሳቅ! በሽማግሌ ፊት ትስቃታለህ። እስከዚያ ሠርግ የሚባል ነገር እንዳታነሣብኝ። ልጄን ወፍ አርቢ ቤት አልድርም!»

አያ መንበሩ ሳቁ እዚያው ከፊቱ ላይ ደረቀ። ሠርጉን በጆሮዬ ስሰማው እኔም ደነገጥኩ። ወፍ ሌላ፣ ሠርግ ሌላ መስሎኝ ነበር።

ያን ቀን ማምሻውን ይታይሽ እንስራዋን አውርዳ አጠገቤ ተቀመጠች። ይታይሽ የምትናደድ ልጅ አልነበረችም፤ ጫማዬ ሲጠበኝ በጀርባዋ አዝላኝ ዳገት የወጣች ናት። ከመቀነቷ ቆሎ ፈታ እጄ ላይ አፈሰሰችልኝ።

«አንተ የጎንደር ጆሮ» አለችኝ፣ «ከገደል ሌላ የምትሰማው አጣህ?»

«ሰምቼ ነዋ።»

«ስማ እንግዲህ። አባቴ አንዴ አላምንም ካለ ሞቶ እንኳ የፍታቱን ቄስ ይጠረጥራል። ይሄ ሠርግ ቢቀር ሌላ ሰው መጥቶ የሚጠይቀኝ ይመስልሃል? ‹በወፍ የፈረሰ ጋብቻ› ተብዬ ቀሪ ዕድሜዬን እንደ ተረት ስነገር ልኑር?» ወደ እንስራዋ ዞረች። «እኔ ደግሞ አዲሱን እወደዋለሁ» አለች፤ ይህን ስትል ግን ለእንስራው ነው የነገረችው።

በማግስቱ አዲሱ ራሱ በትምህርት ቤት መንገድ ጠበቀኝ። ረጅም፣ ዓይን አፋር ጎረምሳ ነው፤ እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም።

«ይታይሽ ምን አለች?»

«አኮረፈች።»

«በኔ?»

«በወፏ።»

እፎይ ብሎ አንድ አገዳ ሰጠኝና ሄደ። አጎቴ አገዳውን አይቶ ከየት እንዳመጣሁት ሲሰማ «ምስክሬን በአገዳ ሊገዙት ነው» ብሎ ወሰደብኝ። ራሱ በላው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሎቹ ከኮሶው ዛፍ ስር ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው አያ ጌጡ ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚዳኙት፤ ያስቡ ይሁን ያንቀላፉ የሚያውቅ የለም፤ ለዚህ ነው ሰው ፍርዳቸውን የሚፈራው። የኮሶዬ ሰው ሙግት ይወዳል። ያን ቀን ወፍ ተከሰሰች መባሉን ሰምቶ ያልመጣ ቢኖር፣ ያልተወለደ ሕፃን ብቻ ነው።

አጎቴ ነጠላውን አደግድጎ ዱላውን መሬት ላይ ተከለ።

«ተጠየቅ መንበሩ!»

«ልጠየቅ።»

«በሬህ ሰብሌን ቢበላ ትከፍላለህ ወይስ አትከፍልም?»

«እከፍላለሁ።»

«ውሻህ ልጄን ቢነክስ?»

«እከፍላለሁ።»

«እንግዲያ በመሬትህ የሚያድር፣ በመሬትህ የሚወልድ፣ ቁርሱን ከባቄላህ ላይ የሚበላ፣ ያንተ ነው ወይስ የኔ?»

ሕዝቡ «ኧረ ልክ ነው! ልክ ጠየቀ!» አለ። እኔም ኮራሁ። አያ መንበሩ ዱላውን ተቀበለ።

«ሽማግሎች፣ ‹ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች› ሲባል ሰምቻለሁ። ‹እንደ ጌታዋ ትጮኻለች› ሲባል ግን አልሰማሁም። ሰማይ የሚሄድ ነገር ጌታው ሰማይ ላይ ነው። ይሁን፣ የኔ ናት እንበል። ተጠየቅ አያ ፈንታሁን! ንቦችህ ቀኑን የሚውሉት የት ነው?»

አጎቴ ነጠላውን ማስተካከል ጀመረ።

«የኔ ባቄላ ላይ ነው። የኔን አበባ እየላሰ ያንተን ቀፎ የሚሞላ ንብ፣ እስከ ዛሬ አንድ ጣት ማር ከፍሎኝ ያውቃል?»

«አበባ ቢልሱት አይጎድል! ባቄላህ ጎደለ?»

«ማን ያውቃል? እኔም እንዳንተ ልጠርጥር እንዴ?»

ሕዝቡ ሳቀ። አያ ጌጡ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ምስክር» አሉ። እኔ ነኝ። መሐል አቆሙኝ። ያየሁትንና የሰማሁትን ተናገርኩ። አያ መንበሩ ጎንበስ ብሎ፣ በአባትነት ጠየቀኝ።

«ልጄ፣ ንቡ በወፏ አፍ ሲገባ አየህ?»

«አየሁ።»

«ሲወጣስ?»

«አላየሁም።»

«የማይወጡበት ቀፎ አይተህ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። የኮሶው ዛፍ ዞረብኝ። አጎቴ ግን ደረሰልኝ፦ «ገደሉ ይቆፈር! ንጹሕ ከሆነ ምን ያስፈራዋል?» አያ መንበሩ «ገደሌን አላስቆፍርም፣ ማሳዬ ይናዳል» አለ። ይህን ማለቱ ነገሩን አባሰበት፤ ሳቅ ያሉት ሰዎች እንኳ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ።

አያ ጌጡ ዓይናቸውን ገለጡ። «ሽማግሌ ያላየውን አይፈርድም። ተነሡ።»

ጋቢ የለበሰ ሸንጎ በሙሉ ባቄላ ላለመርገጥ እግሩን እያነሣ፣ እንደ ሳቢሳ ወፍ ተሰልፎ ወደ ገደሉ ወረደ። ወፎቹ ከቅርንጫፋቸው ተነሥተው ከራሳችን በላይ ጮኹ። ቀዳዳው ለትልቅ ሰው እጅ ጠበበ። ስለዚህ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።

ክንዴ እስከ ትከሻዬ ገባ። ጉንጬ አፈሩ ላይ ተለጠፈ። ከመጨረሻው ላይ ጣቴ አንድ ነገር ነካ።

«ምንድን ነው?» አለ አጎቴ ከኋላዬ።

«ትኩስ ነው።»

«አያችሁ! ቀፎ ትኩስ ነው!»

«ለስላሳ ነው።»

«ሰም ነው!»

«እኽ! ነከሰኝ! አፍ አለው!»

«ንብ አይነክስም፣ ይናደፋል» አሉ አያ ጌጡ። «ጫጩት ነው። እጅህን አውጣ ልጄ፤ የአራስ ቤት ነው።»

እጄን ሳወጣ ጣቴ ላይ የንብ ክንፍ ተለጥፎ መጣ። የሰማሁት ጉምጉምታ የተራቡ ጫጩቶች ነበር። ያፈርኩት ማፈር! አጎቴ ግን ክንፉን ከጣቴ ላይ አንሥቶ እንደ ታቦት ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ።

ይኼኔ አያ መንበሩ ከቅርንጫፉ ስር ጎንበስ ብሎ ጥቁር፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ደረቅ ነገር ለቀመና በመዳፉ አቀረበ። «ሽማግሎች፣ ወፏ የማይፈጨውን እንዲህ አድቦልቡላ ትተፋዋለች። የበላችውን ከዚህ እንይ።» በጣቱ ፈረከሰው። አንጸባራቂ ክንፎች፣ እግሮች፣ ትናንሽ ራሶች ወጡ። «ይኸው ዝንብ። ይኸው ተርብ። ቀፎህን የሚዘርፍ ተርብ በልታልሃለች! ልታመሰግናት ሲገባህ ትከሳታለህ?»

ሽማግሎቹ በወፍ ትፋት ላይ ራሳቸውን ገጥመው አጎነበሱ። አጎቴም አጎነበሰ። ከዚያ በእንጨት አንዲት የጤፍ ቅንጣት የምታህል ራስ ለይቶ «ይሄ የኔ ነው» አለ።

«በምን አወቅኸው?»

«በፊቱ! ያሳደግሁትን ላላውቀው ነው?» ቀና ብሎ አያ መንበሩን አፈጠጠበት። «ደግሞስ ጌታ ሆይ፣ ወፍ ምን እንደምትበላ ሳይሆን ምን እንደምትተፋ የሚያውቅ ሰው፣ ባለቤቷ ካልሆነ ማን ነው?»

አጎቴ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ነበር፤ ስቶ ስቶ አንድ ቦታ ላይ ይመታል። አያ መንበሩ በመዳፉ የቀረውን አራገፈ። አያ ጌጡ እንደገና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፍርዱ ወዴት እንደሚሄድ ሁሉም አየው፤ ወፎቹ የአያ መንበሩ ናቸው ከተባለ አጎቴ ያሸንፋል፣ አያ መንበሩ ይዋረዳል፣ ሠርጉም ይቀራል።

ይታይሽ ለሽማግሎቹ ጠላ ይዛ የወረደችው ያኔ ነበር። የታጨች ልጅ አማቷ ፊት ቀና ብላ አታይም፤ መናገርማ የሚታሰብ አይደለም። እሷ ግን ለአያ ጌጡ በሁለት እጇ ዋንጫውን ሰጠችና፣ መሬት መሬት እያየች፣

«አያ ጌጡ፣ አንድ ቃል ልናገር?» አለች።

«ወይ ጉድ! ተናገሪ እስቲ።»

«አባቴ ንቡን ለኔ ማጫ ይስጠኝ። አያ መንበሩም ገደሏን ለልጃቸው ማጫ ይስጡት። ከዚያ በኋላ የቤቴ ወፍ የቤቴን ንብ ብትበላ ማን ይከሰኛል?»

ማጫ ማለት ሁለቱም ወገን ለሙሽሮቹ መቋቋሚያ የሚሰጡት ነው፤ ላም ከወዲህ ከወጣ ላም ከወዲያ ይወጣል። በአገር ፊት «እኔ አነስ ያለ ልስጥ» የሚል አባት በኮሶዬ አልተፈጠረም። ይታይሽ ይህን እያወቀች ነው የተናገረችው።

አያ ጌጡ ጠላቸው ትን እስኪላቸው ሳቁ። አጎቴ ልጁን ከእግር እስከ ራስ አያት። «ማን መከረሽ?» አለ። «ይሄ ምክር ካንቺ ራስ አልወጣም። ከወዲያ ቤት ነው የወጣው!»

«እኔ ስሰማው ገና አሁን ነው!» አለ አያ መንበሩ፤ ነገር ግን ዕድሉን አላሳለፈውም። ደረቱን ነፍቶ «ገደሏን ከነባቄላ ማሳዋ ሰጥቻለሁ!» ብሎ ጮኸ።

ሕዝቡ «እሰይ!» አለ። ከዚያ ሁሉም ወደ አጎቴ ዞረ። አጎቴ ላቡ መጣ፤ በኮሶዬ ብርድ ሰው ሲያልበው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ግማሽ ቀፎዎቹን ቢሰጥ አያ መንበሩ በለጠው። ጭራሽ ባይሰጥ ለልጁ የሰሰተ ይባላል። ሰውየው ደግሞ እየሳቀ ያየዋል።

«ጠጁ ከተጣለ በኋላ» አለ አጎቴ በስንት መከራ፣ «ቀፎዎቹን በሙሉ።»

እትዬ አዝመራ ከሴቶቹ መሐል እልል አለች። ይታይሽ ዋንጫዎቹን ሰብስባ፣ ምንም እንዳልተናገረች ሁሉ አቀርቅራ ሽቅብ ወጣች። በአጠገቤ ስታልፍ ግን ከንፈሯን ነክሳ እንደነበር አይቻለሁ።

ሠርጉ ሆነ። ጠጁ አላለቀም፤ አጎቴ ጋኖቹ አጠገብ ቆሞ ሲጠብቅ ስለዋለ ማንም ሁለተኛ ብርሌ ለመጠየቅ አልደፈረም። ሙሽሮቹ ከባቄላው ማሳ ዳር አዲስ ጎጆ ተሠርቶላቸው ገቡ። ከዚያ አንድ ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ንቡ ሁሉ ተሰብስቦ ሲገባ፣ አጎቴ የቀፎዎቹን አፍ በቅጠል ደፍኖ አንድ በአንድ አሸከመ። ወደ አዲሱ ጎጆ ክፈፍ ሲያወርዷቸው ከእያንዳንዱ ጎን እየሄደ ጆሮውን ይለጥፍ ነበር።

በነጋታው ጠዋት የቀሰቀሰን ጩኸት ነው። አጎቴና እኔ ወጥተን ከግቢያችን ጫፍ ወደ ታች አየን። ቀፎዎቹ አሁን ከገደሉ አፍ ላይ ነው ያሉት፤ ለወፎቹ ማዕዱ ደጃፋቸው ድረስ መጥቶላቸዋል። ከቅርንጫፉ ተነሥቶ ንብ ለመያዝ መብረር እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ አንገት ማስገግ ይበቃል። ከታች ደግሞ አያ መንበሩ፣ ነጠላው ከትከሻው ወርዶ እየተጎተተ፣ ወንጭፍ ይዞ ማሳው ውስጥ ይሮጣል።

«ሂዱ! ሂዱ እናንተ ቀማኞች!» ድንጋዩን ለቀቀ። ወፎቹ ብድግ ብለው እንደገና አረፉ። ቀና ሲል እኛን አየ። «አያ ፈንታሁን! ምነው ቆመህ ታያለህ? የልጅህን ንብ ፈጁት እኮ!»

አጎቴ ጋቢውን አስተካክሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እንደዚያን ጠዋት ፊቱ ሲበራ አይቼው አላውቅም።

«የልጅህን ወፍ በድንጋይ አትምታ!» ሲል ጮኸለት። «ትከሰሳለህ!»

አያ መንበሩ እየተሳደበ ሌላ ድንጋይ ጫነ፤ ወንጭፉን አዙሮ ለቀቀው። ድንጋዩ ከቅርንጫፉ አልፎ ገደል ገባ። ሌላም ወረወረ፤ እሱም ሳተ። አጎቴ እያንዳንዱን በዓይኑ ሲከተል ቆየ። ቀስ በቀስ ፈገግታው ጠፋ፤ ግንባሩ ተኮሳተረ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«አየኸው?» አለኝ በሹክሹክታ። «አነጣጥሮ ነው የሚስተው።»